ሁለት ቀን ዘግይቶ የሚደርስ ሕመም

ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ውስጥ እኔ ቢያንስ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሞቻለሁ። ይኸው ግን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ሳይደርስበት፣ ልቡ እየመታ እጁ እየቀዘቀዘ «በቃ አለቀልኝ» የሚል ሰው ካለ በመጀመሪያ ይቀመጥ፤ ውኃ ይጠጣ፤ ከዚያ ይህን ያንብብልኝ።

ስሜ ምናለ ይባላል። በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ላይ የጣናን ውኃ የምለካ ሠራተኛ ነበርሁ። ሐይቁ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ቋሚ ተተክሏል፤ ጠዋትና ማታ እየሄድሁ ውኃው የደረሰበትን አይቼ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። የሰፈሩ ሰው ሲያገኘኝ «ምናለ፣ ሐይቁ ዛሬም አለ?» ይለኛል። «አለ» እላለሁ። «እንግዲያ ደመወዝህን ብላ» ብሎ ስቆ ያልፋል። እኔም እስቅ ነበር።

ባለቤቴ እናኑ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ክፍል ትሠራ ነበር። ሕመሙ ሲጀምረኝ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ልጅ ወልደን በተወለደበት ቀን አጥተናል። ስለዚያ ማውራት አልወድም ነበር፤ ወደ ሕመሜ ልመለስ።

አንድ ጠዋት፣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ወፉ ሁሉ ውኃው ላይ ተኝቶ፣ እኔም ቁርሴን በልቼ ጠግቤ ቋሚው አጠገብ ቆሜያለሁ። ድንገት ልቤ መሮጥ ጀመረ። ትንፋሼ አጠረ፤ ጣቶቼ በረዶ ሆኑ፤ እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። የሚያባርረኝ ጅብ የለ፣ የተጣላሁት ሰው የለ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነፍሴን ለፈጣሪዬ ሰጠሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፤ አልወሰዳትም። ተነሥቼ ቁጥሩን ጽፌ ወደ ቤት ሄድሁ።

ከዚያ ወዲህ ይመላለስብኝ ጀመር። አንዴ ሲመጣ ዋናው ሩብ ሰዓት ነው፤ ድካሙና ፍርሃቱ ግን ሁለት ሦስት ቀን እየቀነሰ ይቆያል።

መጀመሪያ ያየኝ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ግንባሬን ዳሰስ አደረገና «ወባ ነው» አለ። «ትኩሳት የለኝም እኮ» ስለው «ባሕር ዳር ያለ ሰው ሌላ ምን ሊይዘው ነው?» አለኝ። ክሎሮኪን ሰጠኝ። ያንን ኪኒን የዋጠ ያውቀዋል፤ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አሳከከኝ። ማሳከኩ ለአንድ ሳምንት ልቤን አስረሳኝ፤ ይህም አንድ ጥቅም ነው። ሁለተኛው «ጨጓራ ነው» ብሎ ቃሪያና በርበሬ ከለከለኝ። ተልባ ስጠጣ ከረምሁ። ሦስተኛዋ ሐኪም አማቴ ነበሩ። ከአንበሳሜ ድረስ መጥተው ትኩር ብለው አዩኝና «ይኸ ልጅ ጠበል ነው የሚያሻው» አሉ። ታንኳ ተሳፍሬ ዘጌ ወርጄ ተጠመቅሁ። እውነቱን ልናገርና ዐሥር ቀን ሙሉ ደህና ሆንሁ። ከዚያ ተመልሶ መጣ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድሁ። ካርድ ለማውጣት በጠዋት ተሰልፌ እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ እግራቸውን ያመማቸው ከሐሙሲት የመጡ እናት ነበሩ። ከመቀነታቸው ቆሎ እየፈቱ ያካፍሉኝ ነበር። ተራቸው ሲደርስ በዚያው ቅጽበት ሕመሙ ያዘኝ፤ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። አዩኝና «በል ግባ ልጄ፣ የኔ እግር ዓመት ጠብቋል፤ አንድ ሰዓት አይበዛበትም» ብለው ተራቸውን ሰጡኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ የሚያስተረጉምላቸው አንድ ወጣት ነበር። «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለኝ።

«ልቤን። ልቤን ዝቅ ያደርገኛል፣ ልቤን ይለኛል።»

ወጣቱ ተረጎመ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። በዚያን ሰዓት ልቤ ይጋልብ ነበር። ተነጋገሩና ወጣቱ «ልብህ ሳይደክም አልቀረም። ከባድ ነገር አታንሣ፤ አትሩጥ፤ በምንም ነገር አትደንግጥ» አለኝ። አትደንግጥ ሲለኝ ደነገጥሁ።

ቤት ገብቼ ሳስብ ዋልሁ። እንግዲህ እኔ ሟች ነኝ። እናኑ ስትወልድ የለሁም። እዚህ ብቻዋን ከምትቀር እናቷ ዘንድ ብትሄድ ይሻላል አልሁ።

«እናኑ፣ አንበሳሜ ሂጂና እዚያው ውለጂ።»

«ለምን ሲባል?»

«የኔ ነገር አይታወቅም። እናትሽ አሉ፣ ዘመድ አለ...»

ልብሱን ማጠፍ ተወችና ዞር አለች። «ሆስፒታሉ ያለ እዚህ፣ ሐኪሙ ያለ እዚህ። ያን ጊዜስ ምን እንደሆንሁ አየህ አይደል? እኔ ደግሞ አንበሳሜ ወርጄ ልውለድ? ያመመህ ልብህን ነው ወይስ ራስህን?»

«ለአንቺው ብዬ ነው» አልሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሜ አነሣሁት፤ ከዚያም ደገምሁት። ቤታችን ውስጥ የጨው አቀብዪኝ ያህል ተለመደ። በመጨረሻ እሷም ደከማት፤ «እሺ፣ ሰባት ወር ሲሞላኝ እሄዳለሁ» አለች። አሸነፍሁ ማለት ነው። ደስ ግን አላለኝም።

በዚህ መሐል ነው ጀማል የመጣው። ጀማል ከደሴ የመጣ የኮሌጅ መምህር ነው፤ ስታቲስቲክስ ያስተምራል። ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እያለ የሐይቁን ቁጥር ከመዝገቤ ይገለብጥ ነበር። በየወሩ ስለሚመጣ ወዳጅ ሆነናል። አንድ ቀን ሲገለብጥ ድንጋዩ ላይ ተጣጥፌ አገኘኝ። ሁሉንም ነገርሁት።

«አብሽር» አለኝ፤ «ሐይቁን ስንት ዓመት ለካህ?»

«ዘጠኝ።»

«ራስህንስ?»

አንድ የተማሪ ደብተር ሰጠኝ። በየማታው ጭንቀቴን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር እንድጽፍ፣ አጠገቡ ደግሞ በዚያ ቀን የሆነውን ነገር በአንድ ቃል እንዳሰፍር ነገረኝ። ዜሮ ሰላም ነው፤ ዐሥር ሞት ደጅ ላይ የቆመ ሲመስለኝ። «እንዲህ ጊዜን ተከትለው የተሰለፉ ቁጥሮች የራሳቸው ሒሳብ አላቸው» አለ። «እንደ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው። ከፊትህ ማን እንደቆመ ካላወቅህ ስኳሩ መቼ እንደሚደርስህ አታውቅም። ሰልፉ ከፈረሰ ደግሞ ሁሉም ነገር ይጠፋል።»

አንድ ወር ሙሉ ሳላቋርጥ ጻፍሁ። ጀማል መጥቶ ደብተሩን ገለጠ፤ ሌላ ገጽ ገለጠ፤ መነጽሩን ጠረገ።

«ምናለ፣ ሁሉም አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው።»

«አዎ።»

«ባለፈው ሳምንት ገበያ መሐል ወድቀህ ሰው አይደል ያነሣህ? እሱም አንድ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሰው እንዴት ዋልህ ሲባል ተመስገን ይላል እንጂ ክፉ ነው ብሎ ይጽፋል? ማማረር ይሆንብኛል።»

«እሺ ዜሮ ለምን አላልህም?»

«ዜሮማ መታበይ ነው።»

ጀማል እስኪያነባ ሳቀ። «የሰውየው ስም ምናለ! ጠሪው ሁሉ ምን አለ፣ ምን አለ እያለ ይጠይቀዋል፤ እሱ ግን ምንም አላለም!» ከዚያ ኮስተር ብሎ ወደ ሐይቁ አመለከተኝ። «ጣና ሲጎድል መዝገቡ ላይ ‹ጣና አማረረ› ብለህ ነው የምትጽፍ?»

«አይ፤ ጎደለ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አንተም ስትጎድል ጎደለ በል። ማንም ቅሬታ አልጠየቀህም፤ ቁጥር ነው የጠየቅሁህ።»

ይህ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ መስኮት ከፈተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሥራዬ አድርጌ ጻፍሁ፤ ስምንት ሲሆን ስምንት፣ ሦስት ሲሆን ሦስት። ጀማል ግን አላመነኝም መሰለኝ፣ ለእናኑም የራሷን መስመር ሰጣት። እሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ገና እጇን እያፍታታች ስለነበር ደስ አላት። እኔን እያየች የታዘበችውን በትልልቅ ፊደል ትጽፍ ነበር፦ «ደረቱን ያዘ»፣ «እንጀራ ተወ»፣ «አፏጨ»።

ጀማል ሌላም ነገር አዘዘኝ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልብህ በደንብ ሳይታይ በወረቀት ላይ ነገር አልፈርድም» አለ። ይህን አደራ እላለሁ፤ እኔን ያነበበ ሰው ደብተር ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ይየው። ተመልሼ ሆስፒታል ሄድሁ። በዚህ ጊዜ የደረሱኝ በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሐኪም ናቸው። የልብን ምት ወረቀት ላይ በሚጽፍ መሣሪያ ለኩኝ። ከዚያ «እስቲ ልቤን ያመኛል የምትለው የቱ ጋ ነው? በጣትህ አሳየኝ» አሉኝ።

ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ከሆዴ አፍ ላይ አሳየኋቸው። አገሬው ሁሉ ልቤን ሲል እዚያ ነው የሚለው።

ሐኪሙ ሳቁ። «ይኸ ሲተረጎም ነው ደረት ላይ የወጣው። ልብህ የበሬ ልብ ነው፤ እርሻ ብንጠምድህ ታርሳለህ። የሚሮጠው ከጭንቀት ነው። ጭንቀት ስል ግን የውሸት ሕመም ነው ማለቴ አይደለም። ሰውነትህ የሌለ ጅብ እየሸሸ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «ጅቡ ታዲያ ማን ነው?» እያልሁ ተመለስሁ። እናኑን ወደ አንበሳሜ የመላኩንም ነገር አልተውሁም። ልብ ካልሆነ ያልታወቀ ነገር ነው፤ ያልታወቀ ደግሞ ይብሳል ብዬ።

ግንቦት ሲገባ ሦስት ወር ያህል የሞላ ደብተር ነበረኝ። እናኑ ሰባት ወር አልፏታል፤ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ አሰናድታ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአውቶቡስ ልትሄድ ነው። ጀማል ባለካሬ ወረቀትና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ይዞ መጣ። በአንዱ ላይ የኔን ጭንቀት በየቀኑ ነጥብ አድርጎ አገናኘው፤ ተራራና ሸለቆ ሆነ። «እየው» አለኝ፤ «አንድ ጊዜ ከወጣ በማግሥቱ ወደ ዜሮ አይወርድም። ቀስ እያለ ነው የሚወርድ። ያንተ ዛሬ ከትናንትህ ላይ ተደግፎ የቆመ ነው። ይህ መልክ ያንተ ብቻ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ እግር ለክቼ በአማካዩ ጫማ ብገዛልህ ይጠብብሃል፤ የሌላውም ሰው መስመር ላንተ አይሆንም።»

ተራራው በምን እንደሚነሣ ነበር መፈለግ የነበረብን። እኔ ተጠርጣሪ ነበረኝ፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርሁት። ጀማል ወደ በሩ አየና የስብሰባውን ቀናት በስሱ ወረቀት ላይ በሰረዝ አሰፈረ። ሁለቱን ወረቀቶች ደራርበን ከመስኮቱ መስተዋት ላይ ለጠፍናቸው። ሰረዞቹ አንዱ ተራራ ላይ፣ አንዱ ሸለቆ ውስጥ፤ ምንም አልገጠሙም። «አልሐምዱሊላህ፣ ስብሰባው ነጻ ነው!» አለ ጀማል እፎይ ብሎ። የታንኳ ጉዞ ሞከርን፤ የወር ደመወዝ ሞከርን፤ ቃሪያንም ሞከርን። የለም።

«ይኸ ‹ቀጠሮ› የሚለው ምንድን ነው?»

«እናኑን ለነፍሰ ጡር ክትትል የማደርስበት ነው። እሱን ተወው፤ ጥሩ ቀን ነው። ቁጥሩን እየው፣ ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው።»

«አንድ?» አለ ጀማል። የእናኑን መስመር ፈለገ። በአምስቱም የቀጠሮ ቀናት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «አፏጨ»። ቀና ብሎ አየኝ። ሰረዞቹን አሰፈረና ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አደረገ። ሰረዞቹ ሁሉ ከሸለቆው ሥር አረፉ። እኔ እንዳልሁት ነው ብዬ ልናገር ስል ከእጁ ነጥቄ ስሱን ወረቀት ወደ ቀጣዮቹ ቀናት ገፋ አደረግሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እጄ የሐይቁን ሥራ ስለለመደ ነው። ጣና የሚሞላው ዝናቡ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰው ጃንጥላውን ሲሰቅል ነው ከፍ የሚለው። አንድ ካሬ፣ ማለትም አንድ ቀን፣ ገፋሁ፤ ምንም። ሁለተኛውን ካሬ ስገፋ አምስቱም ሰረዞች ከአምስት ተራራዎች ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ጀማል ካሬዎቹን በጣቱ ቆጠረ።

«ከቀጠሮው በሁለተኛው ቀን» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። «በቀጠሮው ቀን ምን ትሆናለህ?»

«ምንም አልሆንም። እናኑ ‹ፈራህ እንዴ?› ስትለኝ ‹ምን ያስፈራል፣ እግዜር ያውቃል› እላታለሁ፤ እያፏጨሁ እመለሳለሁ።»

ይህን ከራሴ አፍ ስሰማ ነው የገባኝ። ለካ የፈራሁት የኔን ሞት አልነበረም። የእሷን ነበር። የመጀመሪያው ልጅ በሞተ ቀን እሷም ለጥቂት ነው የተረፈች። ልጁን ቀብሬ በማግሥቱ ቋሚው ዘንድ ሄጄ ውኃ ለካሁ። ሰው ሁሉ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ ቻለው» ብሎ አመሰገነኝ። አንበሳሜ ልላካት ስል የቆየሁትም ለእሷ ብዬ ሳይሆን ስትሞት እንዳላያት ነበር። ሐኪም ከሌለበት ቦታ ልሰድዳት ነበር እኮ! አፍሬ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንሁ።

ጀማል ትከሻዬን ያዘኝ። ግን መምህር መምህር ነውና «አምስት ቀጠሮ ትንሽ ነው፤ በአጋጣሚም ሊገጥም ይችላል» አለ። «ይህ ገና መላምት ነው። እንፈትነው። በሚመጣው ቀጠሮ አታፏጭ። የተሰማህን በዚያው ቀን ንገራት። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩን እናያለን።»

ቀጠሮው በአራተኛው ቀን ነበር። ከክሊኒክ ስንመለስ በሐይቁ ዳር በዋርካዎቹ ሥር አለፍን። አፌ ሊያፏጭ ሲሞክር ከንፈሬን ነከስሁት።

«እናኑ፣ ፈርቻለሁ።»

ቆመች። «ምንድን ነው የፈራህ?»

«እንዳትሞችብኝ። እንደዚያን ጊዜው እንዳይሆን። ሌላ ምንም የለኝም፤ ሕመሜ ይኸ ነው።»

እኔ ልታጽናናኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በቦርሳዋ ጀርባዬን መታችኝ። «አንተ ሰውዬ! እኔስ? በየማታው እየፈራሁ፣ እሱ አይፈራም፣ ብነግረው ልቡ ይቆምብኛል ብዬ አፌን ይዤ! ሁለት ዓመት ሙሉ የልጄን ስም ከማን ጋር ላንሣው?» ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ተቀመጥሁ። ስለ ልጁ አወራን፤ ጠጉሩ ብዙ እንደነበር፣ አገጩ የአባቴን እንደሚመስል። እሷ አለቀሰች። የኔ እንባ ግን እንቢ አለ።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰዓት እያየሁ ሞቴን ጠበቅሁ። ረፋድ ላይ መጣ፤ ልቤ ትንሽ ሮጠና ደከመው። ማታ «አራት» ብዬ ጻፍሁ። በቀጣዩ ቀጠሮ እንደገና ነገርኋት፤ ሦስት ሆነ። የቀጠሮው ቀን ቁጥር ግን ከፍ አለ፤ አምስት፣ ስድስት። ጀማል ሲያየው «በቀኑ ከፈልኸው፣ አልተጠራቀመም» አለ። ዘጌ ላይ ዐሥር ቀን ደህና የሆንሁበትም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጠበሉ ቦታ ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲያለቅስ ነበርና ቻል አድርገው ያለኝ አልነበረም። አማቴ ይህን ስነግራቸው «ጠበሉ ነው ያዳነህ አላልሁህም?» አሉ። አልተከራከርኋቸውም።

እናኑ ሻንጣዋን ፈታችው። አማቴ ራሳቸው ወደ እኛ መጡ።

ምጡ የመጣው በሰኔ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናብ ነበር። አማቴ አጠገቤ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። እጄ ቀዘቀዘ፤ ልቤ ጋለበ። «እማማ፣ ፈርቻለሁ» አልኋቸው። መጽሐፉን ሳያጥፉ በአንድ እጃቸው እጄን ያዙና ንባባቸውን ቀጠሉ። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየን። ከዚያ የሕፃን ድምፅ ተሰማ። ድምፁ አላቆመም፤ ደጋግሞ ጮኸ። ነርሷ ብቅ ብላ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ግቡ» አለች።

ገባሁ። እናኑ ፊቷ ገርጥቶ ትስቃለች። ልጅቱን አሳየችኝ። የዚያን ጊዜ ከአልጋው ግርጌ ተንበረከክሁና የሁለት ዓመቱ ሁሉ ወጣ። ነርሷ ወንበር አመጣችልኝ። ድምፄን ሰምቶ ከኮሪደሩ ሰው መጣ፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅ ይሆናል። እኔ ግን ማቆሚያ አጣሁ፤ ማቆምም አልፈለግሁም።

በሳምንቱ ጀማል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት መጣ። ገንፎውን በልቶ እጁን እንደታጠበ ደብተሩን ጠየቀ፤ ያው መምህር ነው። ገጹን በጣቱ ተከትሎ ወረደና ቆመ። እሑድ ባዶ ነበር። ሐይቁን በለካሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አጉድዬ አላውቅም።

«ግድ የለም» አለ፤ «ቀን ሲጎድል ከፊቱና ከኋላው ያሉትን አይተን እንገምታለን። ስድስት እንበለው?»

«እስቲ ወዲህ አምጣው» አለች እናኑ ከአልጋዋ። ልጅቱን ለእኔ ሰጠችኝና እርሳሱን ተቀበለች። በዝግታ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያሰበች፣ በእሑድ ቦታ ላይ ጻፈች።

«አለቀሰ። አየሁት።»